በሰንደቁ ሥር ይነበብልኝ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተክለሚካኤል፣

አዲሱን ዓመት በጤና፣ በደጅዎ እህል፣ በቤትዎ ሳቅ እንዲቀበሉ እመኛለሁ። የአክስትዎ ልጅ የደምሰው ልጅ ፀዳል ነኝ። እማዬ ጆሮዎ ደከም እንዳለ በስልክ ነገረችኝ፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት መጣሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልዎ ወይዘሮ ጤናዬ ትባላለች፤ አብረን የምናስቀድስ ሴት ናት፣ ለበዓሉ ወደ አሰላ ትመጣለች።

የጻፍኩልዎ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ሊዲ አሥር ዓመት ሆኗታል። ዘንድሮ ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ውስጥ ራሴ ላስተምራት ወስኛለሁ። እዚህ አገር ይፈቀዳል፤ ለስኩል ዲስትሪክቱ፣ ለአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ደብዳቤ ማስገባት ብቻ ነው። አምና አስተማሪዋ በክፍል ጓደኞቿ ፊት አቁማ ስትገሥጻት በበሩ መስታወት አየሁና ደሜ ፈላ። ለምን ያን ያህል እንደፈላ እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፣ ያን ጊዜ ባለቤቴ ቃለአብ ይይዛታል።

ሒሳቡንና ንባቡን እችለዋለሁ። ያቃተኝ ሳይንሱ ነው። እዚህ በየወሩ ደጅ ድረስ በፖስታ የሚመጣ የሳይንስ ሳጥን አለ፤ ልጅ በእጇ እየነካች እየሠራች የምትማርበት። ሦስት ዓይነት አይቼ ለመምረጥ ተቸገርኩ። አንደኛው እንጨትና ትናንሽ ሞተር ይልካል፣ ልጅቷ ትገጣጥመዋለች። ሌላው ሁሉ ነገሩ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለም መቀላቀል፣ አረፋ ማፍላት። ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር እውነተኛ ማይክሮስኮፕ ይልካል፣ የሚታየው ነገር የሚቀመጥበት የመስታወት ስላይድ ያለው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የላቦራቶሪ ቁልፍ ከያዘ ሰው የበለጠ ማን ሊመክረኝ ይችላል? የትኛውን ልግዛላት?

አክባሪዎ
ፀዳል ደምሰው


አሰላ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዳል፣

ጭላሎ ተራራን የሚያክል ሰላምታዬ ከነጉሙ ይድረስሽ። እኔ ከጆሮዬና ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መነጽሬን ጠርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሙያ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጅ ከቤት ይማራል ስትዪኝ መቼም ገረመኝ። የኔታ የሌለበት የቄስ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ቢሆንም እናት ከጨከነች ከብዙ አስተማሪ ትሻላለች።

ወደ ሳጥኑ ልምጣ። ከመግዛትሽ በፊት መመሪያውን አግኝተሽ አንብቢ። ልጅቷ ገና ሳትሞክር መልሱን የሚነግራት ከሆነ ተይው፤ እሱ ሳይንስ ሳይሆን የምግብ አሠራር ነው። ደግሞም ዕቃው ሲያልቅ ከወጥ ቤት የሚተካ መሆኑን እዪ። ኮምጣጤ፣ ጨው፣ ሻማ፣ የመሳሰለው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚጣል ነገር ልጅን አያስተምርም፣ ያስጎመዣል እንጂ። የእንጨቱ ጥሩ ነው። ፕላስቲኩም አይከፋም።

ማይክሮስኮፑን ግን ለአሥር ዓመት ልጅ አልመክርም። መስታወት ነው፣ የልጅ እጅ አያርፍም። ካልሆነልሽና ከገዛሽም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ አስቀምጪው፤ በወር አንድ ቀን አንቺ ፊት ታየዋለች። ዕቃ የሚበረክተው ሲጠበቅ ነው።

አንድ የምሥራች አለኝ። በመጪው ግንቦት ትምህርት ቤታችን ስድሳኛ ዓመቱን ያከብራል፤ ኮሚቴው አዲሱን ቤተ ሙከራ በስሜ ሊሰይመው ወስኗል። የበሩ ጽሑፍ ታዟል። ለዚያ ቀን ከእነዚያ ሳጥኖች አንዱን ብትልኪልኝ «ከአሜሪካ ከልጄ የመጣ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖረው ነበር።

አጎትሽ ተክለሚካኤል


አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ተክለሚካኤል፣

እንደምን ሰነበቱ? ጥርስዎን ይማርልኝ። ምክርዎ በጣም ጠቅሞኛል። ያሉትን ሁሉ በጥንቃቄ አንብቤ ማይክሮስኮፑን ገዛሁ።

ቁም ሳጥን ውስጥ አልቆለፍኩትም። የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ እኛ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን እንበላለን። ሊዲ የሽንኩርት ልጣጭ አየችበት፣ የድመት ፀጉር፣ የአባቷን የጢም ቁራጭ፣ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ካለው የአበሻ ሱቅ የገዛነውን በርበሬ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ስላይድ ሰበረች። አንደኛውን ስትሰብር ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቅኩላት። ስብርባሪውን ፎቶ አንሥቼ አሳትሜዋለሁ፣ እዚህ ፖስታ ውስጥ ያገኙታል። ከኋላው የተሰበረበትን ቀን ጽፌበታለሁ።

አላንበረከክኳትም፣ ጋሽ ተክለሚካኤል።

ዘንድሮ ኅዳር ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳሉ አስተማሩን፤ ክፍሎቹን በቃላችን አጠናን። እውነተኛው ከመደርደሪያው አናት ላይ ሳጥኑ ውስጥ እንደታሸገ ተቀምጧል። አንድ ቀን የላቦራቶሪው ቁልፍ በሩ ላይ ተረሳና ገባሁ። ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። እሽጉን ስከፍት ሌንሱ ተሰንጥቆ፣ ክንዱ ከወገቡ ተቆርጦ ነበር። እጄ ገና አልነካውም። ይህንኑ ነገርኩዎ፤ እያለቀስኩ ነገርኩዎ።

ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ። «የመንግሥት ንብረት የሰበረች ይህች ናት» እያሉ ለአንድ ሺህ ተማሪ አሳዩኝ። አባቴ አፍሮ ስምንት ወር ከትምህርት አስቀረኝ። የሰፈር ልጅ ሁሉ ስሜን ትቶ «ሰባሪዋ» አለኝ። ሐኪም መሆን እፈልግ ነበር፤ ዛሬ የሰው መኪና እቆጥራለሁ።

ስለ ምሥራቹ እንኳን ደስ ያለዎ። ከአሁን በኋላ በየወሩ ሊዲ ምን እንደሰበረች እጽፍልዎታለሁ። ዕቃ የሚጠብቁ ሰው ስለሆኑ ይወቁት ብዬ ነው።

ፀዳል


አሰላ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዳል፣

ከነቤተሰብሽ እንደምን ከረማችሁ? መልሴ የዘገየው አሞኝ ነው። ሆዴን ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። እናትሽ ወይዘሮ ሙሉነሽ ደህና ናት፤ ለጥምቀት ቤቷ ሄጄ ጠላ ጠጥተናል፣ ስላንቺ ስናወራ ዋልን።

ከኅዳር ወዲህ በየወሩ የላክሻቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ፎቶዎቹም ደርሰዋል።

ስለ ድሮው ጉዳይ ብዙ የምለው የለኝም። ያ ዘመን ሌላ ነበር፤ እኛም በቅጣት ነው ያደግነው። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። አንቺም ዛሬ የልጅ እናት ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም አገር ትኖሪያለሽ።

ይልቅ የማስቸግርሽ ነገር አለ። ለኮሚቴው ስለ ሳጥኑ ነግሬ ነበር፤ በጣም ደስ አላቸው። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ወይዘሪት ሀና አንድ ለስድሳ ተማሪ ምን ይሆናል፣ ስድስት ቢገኝ በቡድን በቡድን ይሠሩበታል አለችኝ። ማይክሮስኮፕ ያለበትን መሆኑ ነው። እኔም ልጄ አታሳፍረኝም ብዬ ቃል ገብቼአለሁ። ተማሪዎቹ ሰምተዋል፣ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል። እንግዲህ ክብሬን ባንቺ እጅ ጥያለሁ።

አጎትሽ ተክለሚካኤል


አውሮራ፣ ኮሎራዶ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ተክለሚካኤል፣

እንኳን ተሻለዎ። ሆድ የሚያመው የዋጡት ነገር አልፈጭ ሲል ነው።

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ላሉኝ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክብርዎ በእኔ እጅ እንዳለ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። እኔም ክብሬ በእርስዎ እጅ ነው ያለው፣ ከ1990 ጀምሮ። እንለዋወጥ።

ስድስቱን ሳጥን እልካለሁ፤ ገዝቼአቸዋለሁ፣ መኝታ ቤት ተደርድረዋል። እርስዎ ደግሞ በበዓሉ ዕለት ጠዋት፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ እኔ በተንበረከክኩበት ቦታ ቆመው ማይክሮስኮፑን ማን እንደሰበረው ከወረቀት ያነቡልኛል። የእኔን ስም ከነአባቴ ስም ይጥሩ። እማዬ ከፊት ወንበር ትቀመጥ፣ በጆሮዋ ትስማ። አባቴ ሰባሪ ወለድኩ እንዳለ ሞተ፤ እሷ እንኳ እውነቱን ሰምታ ትሙት። ያነበቡትን ፈርመው፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስመትተው ይላኩልኝ። አርባ ኮፒ አንሥቼ እዚህ ላሉት የአሰላ ልጆች ሁሉ እበትነዋለሁ። ወረቀቱ ካልደረሰኝ ሳጥኖቹ ከዚህ ቤት አይወጡም፤ ለተማሪዎቹም ለምን እንደቀሩ ራስዎ ያስረዱ።

የዚህን ወር ዘገባም ልስጥዎ። ሊዲ ምንም አልሰበረችም። ያለፉት ሁለት ወራት ሳጥኖች እንደታሸጉ ናቸው። ክፈቺ ስላት «በኋላ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ስለምናት ውኃ አፍልታ በታኅሣሥ ሳጥን በመጣው ቴርሞሜትር ለካች። መመሪያው መቶ ዲግሪ ላይ ይፈላል ይላል፤ የእሷ ዘጠና አራት ላይ ፈላና ቀጥ አለ። ገና ምንም ሳልላት ወደ ኋላ ሸሸች። «ማሚ፣ አይ ዲድንት ዱ ኢት» አለችኝ። እኔ አይደለሁም ማለቷ ነው። ስልኬን ይዤ ነበር፤ ለእርስዎ የምልከውን ፎቶ ላነሣ። ቀጥላ በማን ነው የተናደድሽው ብላ ጠየቀችኝ።

ይህንንም በእርስዎ ዕዳ ላይ ጽፌዋለሁ።

ፀዳል ደምሰው


አሰላ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፀዳል ደምሰው፣

ያዘዝሽኝ ተፈጽሟል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እዚህ ውስጥ አለ። እንዲህ ይላል፤

«እኔ መምህር ተክለሚካኤል በ1988 ዓ.ም. ከመጋዘን የመጣልኝን የማይክሮስኮፕ ሳጥን ሳልከፍት፣ ምንም ጉድለት ሳይኖረው ተረክቤአለሁ ብዬ የንብረት መረከቢያው ሞዴል 19 ላይ ፈረምኩ። ያልከፈትኩት እንዳይሰበር ብዬ ነው። መንገድ ላይ ተሰብሮ ኖሯል። ተማሪ ፀዳል ደምሰው በ1990 ዓ.ም. ስትከፍተው የተሰበረ አገኘችው፣ አልሰበረችውም። የፈረምኩት እኔ በመሆኔ ተጠያቂነቱን ፈርቼ እሷን ቀጣሁ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጆሮዬ ስለማይሰማ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ፊታቸውን ግን አየሁ። ከሰልፉ በኋላ ኮሚቴው ለግማሽ ሰዓት ተሰበሰበ። የበሩ ጽሑፍ ስሜን ይዞ በጨርቅ እንደተሸፈነ ወርዶ ወደ ግምጃ ቤት ገባ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ወይዘሪት ሀና እጄን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ እንደ በሽተኛ።

አሁን ረካሽ? እንግዲያውስ በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረውን ደግሞ ስሚ። አንቺ በሰንደቁ ሥር አስነበብሽኝ፣ እኔ ለብቻሽ አነብልሻለሁ።

በሁለተኛው ቀን፣ አንቺ ተንበርክከሽ ሳለሽ፣ አባትሽ ቢሮዬ መጣ። ልጄ አትዋሽም፣ ምንድን ነው ነገሩ አለኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኩት። ሞዴል 19ኙን አውጥቼ ፊርማዬን አሳየሁት። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ አንቺ ትታዪዋለሽ። የዚያን ጊዜ ሁለቱ ወንድሞችሽ እኔ ቤት ሆነው ነበር የሚማሩት፤ እህሉንም ልብሱንም የምችለው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ዘወር ብሎ «ተዋት ትጨርስ። እሷ ሴት ናት፣ ነገ አግብታ ትሄዳለች። አንተ ከታሰርክ ግን የሁላችንም ቤት ይዘጋል» አለኝ። ስምንት ወር ያስቀረሽም ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሩን እንዳታነሺው ብሎ ነው እንጂ አፍሮ አይደለም። እናትሽ በዚያው ቀን ሰምታለች። በበዓሉ ከፊት ወንበር ያስቀመጥሻት አዲስ ነገር ልትሰማ አልነበረም። ከሰልፉ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ይህን ሃያ ሰባት ዓመት በአፌ ይዤ የኖርኩት ለራሴ ብዬ አይደለም። ሬሳው ሲወጣ አልቅሰሽለት ነበርና አባትሽን እንዳልነጥቅሽ ብዬ ነው። ግን ክብሬን አንቺ ስትነጥቂኝ ምን አስቀርልሻለሁ? ካላመንሽ እናትሽን ጠይቂ።

ሳጥኖቹን ብትፈልጊ ላኪ፣ ብትፈልጊ አትላኪ።

ለልጅቷ ግን እንዲህ በያት። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። ውኃ መቶ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ነው፤ እናንተ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ቶሎ ይፈላል። አሰላ ላይ ብትለካው ከዚያም ዝቅ ይላል። በትክክል ነው ያነበበችው።

ተክለሚካኤል


አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ተክለሚካኤል፣

ሰላምታ አስቀድሜ መጻፍ አልሆነልኝምና ይለፉኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ቲኬቱን ይዞ መስኮቱን እስኪያንኳኳ ድረስ አላየሁትም። ውሸታም ብዬ ልመልስልዎ ወረቀት አውጥቼ ነበር። መጀመሪያ እማዬ ጋ ደወልኩ። ጋሽ ተክለሚካኤል እንዲህ ጻፉልኝ አልኳት።

«አባትሽ ነው የወሰነው» አለች። ቀጠለችና «አንቺስ ደህና ወጣሽልን አይደል? ይኸው አሜሪካ ገባሽ» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም። ስትደውልም አላነሣሁም።

አርባውን ኮፒ አንሥቼው ነበር፤ ወረቀትዎ እንደደረሰኝ፣ ከሥሩ ያለውን ደብዳቤ ገና ሳላነብ፣ በመንገዴ ላይብረሪ ጎራ ብዬ። ይዤው ቤት ገባሁ። ለማን እንደምሰጠው አላወቅኩም። የእርስዎ ስም ብቻ ነው ያለበት፤ አሁን ሳየው ሁለት ስም ይጎድለዋል። እነሱን እንዲያነብ በሰንደቅ ሥር የማቆመው ሰው የለኝም። አንዱ መቃብር ውስጥ ነው፣ አንዷ እናቴ ናት።

እርስዎን ይቅር አላልኩም። ለአባቴ መልስ ሲሰጡ እግሩ ላይ እንደወደቁ ጽፈዋል፤ እኔ ከመስኮቱ ማዶ ጠጠር ላይ ነበርኩ። እሱም አየኝ፣ እርስዎም አዩኝ። አሁን ከሁለታችሁ ማንን አብልጬ እንደምጠላ ሳሰላ ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚያ ሁለት ሳምንት ሊዲን አንድ ገጽ አላስተማርኳትም። ቃለአብ ነው ከሥራ ሲመለስ ደብተሯን ያየላት። «ይቺ ልጅ ምን አደረገችሽ?» አለኝ። ምንም አላደረገችኝም።

ስድስቱ ሳጥኖች ዳግም ወደ አሰላ በምትሄደው በወይዘሮ ጤናዬ እጅ ማክሰኞ ይነሣሉ። የተላኩት ለወይዘሪት ሀና ነው፣ ስሟ ተጽፎባቸዋል። እርስዎ እንዳይረከቡልኝ።

ስለ ውኃው የጻፉትን ለሊዲ ነገርኳት። ማን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ፤ አንድ የሳይንስ አስተማሪ አልኳት። ደግማ አፈላችና ዘጠና አራት ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ታሽገው የቆዩትን የራሷን ሳጥኖች ወደ ክፍሌ ልውሰዳቸው አለችኝ። ውሰጂ አልኳት። በሩን ዘጋችው።

ይህን የምጽፍልዎ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። አሁን፣ ከዚህ መስመር በፊት፣ ከክፍሏ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። የእኔን ኮቴ እያዳመጠች እንደሆነ አውቄአለሁ። አልተነሣሁም። ቆይታ ሥራዋን ቀጠለች። ምን እንደሰበረች አልጠየቅኳትም፣ ለእርስዎም አልጽፍም።

ፀዳል